እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን ማነስ አይመጣም

እንቅርት በአገራችን የታወቀ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በኢትዮጵያ በተደረገ ምርመራ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሚሆኑት ሕፃናት ከመቶው 40 ያኽሉ እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። ምክንያቱ በአብዛኛው የአዮዲን ማነስ ነው። ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ የነበረው አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ቀርቶ፣ ሕዝቡ አዮዲን ያልተጨመረበትን የአፍዴራን ጨው ሲመገብ ቆየ። በ2003 ዓ.ም. ግን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወሰነ። ስለዚህ በወረታ ከተማም ሆነ በሌላው ስፍራ፣ ፊደል የቈጠረ ሰው እንቅርት ባየ ጊዜ «ጨው ለውጡ» ብሎ ይመክራል።

ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይበቃም። አዮዲን ያለበትን ጨው እየተመገበች አንገቷ የሚያብጥ፣ ወይም አንገቷ ምንም ሳያብጥ ሰውነቷ የሚዝል ሴት አለች። የእርሷ በሽታ ከገበታዋ ሳይሆን ከገዛ ደሟ የተነሣ ነው።

ከማንቁርት በታች፣ በአየር ቧንቧ ላይ፣ የቢራቢሮ መልክ ያለው ዕጢ ይገኛል፤ ታይሮይድ ይባላል። አዮዲንን ከደም እየወሰደ ሆርሞን ይሠራል፤ ይህም ሆርሞን የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን ትርታና የአእምሮን ቅልጥፍና ያስተዳድራል። እ.ኤ.አ. በ1912 ሐካሩ ሐሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም ከአራት ሴቶች አንገት በቀዶ ሕክምና የወጣውን ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ተሞልቶ አገኘው። እነዚህ ሕዋሳት የሰውነት ጠባቂዎች ናቸው። ጀርም ባልገባበት ዕጢ ውስጥ ምን ይሠራሉ? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሮይት፣ ዶኒያክና ካምቤል የተባሉት የሎንዶን ሊቃውንት፣ ይህ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የገዛ ዕጢያቸውን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን ገለጹ። ጠባቂዎቹ በባለቤታቸው ላይ ተነሥተዋል ማለት ነው።

ይህ ጠብ እንዴት እንደሚባባስ ለመረዳት፣ በፎገራ ሜዳ እህል ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተው ወፍ የሚጠብቁ ልጆችን እናስብ። አንዱ ወፍ ያየ መስሎት ቢጮኽ ጎረቤቱ ጩኸቱን ይቀበላል፤ ከየማማውም ወንጭፍ ይወነጨፋል። ወፍ ባይኖርም ድንጋዩ ዘለላውን ይመታል። ነጭ የደም ሕዋሳትም እንዲሁ ሳይቶካይን በሚባሉ መልእክቶች ይጠራራሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ፣ ኢንተርሊውኪን 1 እና ቲ.ኤን.ኤፍ. የሚባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ቁስል ሲያመረቅዝ ብግነትን የሚያስነሡ፣ ጀርም ሲገባም ሠራዊቱን የሚጠሩ እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ያለ እነርሱ መኖር አንችልም። ጉዳቱ ጥሪው ማቆሚያ ሲያጣ ነው። እጅግ የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የደረሰው የዕጢ ሕዋስ ራሱ ሌሎች ነጭ ሕዋሳትን የሚስብ መልእክት መላኩ ነው፤ ተጠቂው የጩኸቱ ተባባሪ ይሆናል። ኢንተርሊውኪን 1 እና ቲ.ኤን.ኤፍ. ደግሞ ዕጢው አዮዲንን እንዳይወስድ ያደክሙታል። አዮዲን በገበታ ላይ እያለ ዕጢው ሊጠቀምበት የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የእነዚህ መልእክቶች ኃይል በሕክምናም ታይቷል። ቀደም ባሉት ዓመታት የጉበት ቫይረስን ለማዳን ኢንተርፌሮን አልፋ በመርፌ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ የታይሮይድ በሽታ ያዛቸው።

በሽታው በሁለት መልክ ይታያል። የሐሺሞቶ በሽታ ዕጢውን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። በፎገራ የቀትር ሙቀት ጋቢ የሚደርብ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ቆዳው የደረቀ፣ የሆድ ድርቀት ያስቸገረው፣ እንቅልፍ የሚጫነው ሰው ሊመረመር ይገባዋል። የትናንቷ ጎበዝ ተማሪ ዛሬ ብትፈዝ፣ መምህሯ «ሰነፈች» ከማለቱ በፊት ይህን ያስብ። ግሬቭስ በተባለው በሽታ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ እንደ ሐሰተኛ አዛዥ ዕጢውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ዓይኑም ወደ ውጭ ሊፈጥ ይችላል። ትንባሆ የዓይኑን ሕመም ያብሰዋል። ሁለቱም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃሉ። ይህን ሁሉ የመንፈስ ሥራ አድርጎ የሚያስብ ቤተ ሰብ አይታጣም፤ ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ ነገር ግን የደም ምርመራውም አይቅር።

አዮዲን ያለበትን ጨው ከመመገብ ማንም አይቆጠብ፤ የአዮዲን ማነስ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ነውና። ጨውንም በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የአዮዲን መድኃኒት አብዝቶ መውሰድ ግን፣ ዝንባሌው ባለው ሰው ላይ ይህንኑ የገዛ ራስ ጠብ ሊያስነሣ ይችላል። ምልክቱ የታየበት ሰው መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ሆርሞን ላነሰው ሊቮታይሮክሲን የተባለው ኪኒን ይታዘዛል። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል፤ ነፍሰ ጡርም ብትሆን ማቋረጥ የለባትም፤ እንዲያውም ሐኪሟ መጠኑን ሊጨምርላት ይችላል። ኪኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ በማለዳ ነው። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግደው፣ የጠዋቱ ቡና ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቢቻልም ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ።