ደንጊያ የወጣበትን መሬት በአገር ዛፍ ስለ መመለስ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ደጋ ለመንገድና ለቤት ሥራ ደንጊያ ሲወጣ፥ የላይኛው ለም አፈር ከፍርስራሹ ጋር ተደባልቆ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ጉድጓዱ በክረምት እየተሸረሸረ ደለሉ ለታችኛው እርሻ ይተርፋል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ቁፋሮው ሳይጀመር አፈሩን ለብቻው አስገፍፈው፥ ቁልሉን ዝቅ አድርገው አስቀምጠው፥ ሥራው እንዳለቀ ሳይውል ሳያድር መልሰው ሊያለብሱት ይገባል። ብዙ ዘመን ተቆልሎ የኖረ አፈር ኃይሉ ይደክማልና።

አፈሩ ቢመለስም ዱሩ በራሱ አይመለስም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ምርመራ፥ የብዙዎቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር በመሬት ውስጥ ተቀብሮ እንደማይቆይ ታውቋል። እንግዲህ የጽድና የወይራ ዘር በካህናቱ ፈቃድ ከዐፀዱ ተለቅሞ በመደብ መፍላት አለበት። በተራቆተው ስፍራ ግን አስቀድሞ እንደ ክትክታ ያለ ቁጥቋጦ ቢበቅል፥ የወይራው ችግኝ በጥላው ይጠለላል። ባሕር ዛፍ ለማገዶ መጥቀሙ የማይካድ ቢሆንም፥ በሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ ስለማያበቅል እዚህ ቀዳሚ ሊሆን አይገባውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከብት ነው። በአንዳንድ አድባራት ከእርሻ በተለቀመ ደንጊያ ደኑን በካብ አጥረው ከብት ከልክለዋል። ነገር ግን ግጦሹን የሚያጣው ባላገር አስቀድሞ ሳይመከር፥ ሣሩንም አጭዶ እንዲወስድ ሳይፈቀድለት የታጠረ ካብ ብዙ አይቆምም።