በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ከክፍል ሳይወጡ ቀሩ። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። እኛ ሰሌዳውን እየጠረግን ነበር።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉን።

ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። አባትየው ግን አልቆረጡም። እናትየውም ልባቸው ተከፍሏል።

«መማሩስ ይሁን» አሉ። «ከትምህርት ሲወጡስ ምን ይሠራሉ? ቅዳሜና እሑድስ? ዘመድ በሌለበት አገር ልጄ ቁጭ ብላ ግድግዳ ልታይ ነው ወይ?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ ብለው የሚጨነቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኛ አስተማሪዎቻችሁ የዚያው ግቢ ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ያየነውንና የምናውቀውን በዚህ ገጽ ጻፍንላችሁ።

ግቢው

ዩኒቨርሲቲ ማለት ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የሚገባበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። የአዲስ አበባው በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በስድስት ኪሎ የነበረውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። ዋናው ግቢ እዚያ ነው።

ዛሬ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሙዚየም አለ። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍል እዚያ ይታያል። በሌላው ክፍል ደግሞ መሰንቆና ክራር፣ መስቀልና ሥዕል፣ ከየአገሩ የመጣ የቤት ዕቃ ተደርድሯል። የእናቶቻችን ዕቃ ከንጉሥ አልጋ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጧል። መጀመሪያ ያየነው ቀን ቆመን ቀረን። ሙዚየሙ ለተማሪ ብቻ አይደለም። ከፍሎ መግባት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ክፍት ነው።

ከገጠር የመጣ ዕውቀት

ገጠር ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «እኔ ምንም አላውቅም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው።

በአራት ኪሎ ግቢ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ቤት አለ። ቅጠሉን ከነአበባው ቆርጠው በጋዜጣ መካከል ያደርጉታል። ጠፍረውና ተጭነው ያደርቁታል። ከዚያም በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጥፉታል። ከግርጌው ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ቀኑ ይጻፋል። ኮሶን ከግራዋ ለይቶ የሚያውቅ የገጠር ልጅ በዚህ ትምህርት ከማንም ወደ ኋላ አይቀርም።

የእንዶድንም ነገር እንንገራችሁ። እናቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ የዩኒቨርሲቲው ምሁር አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመለከቱ። ከልብስ ማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አንዳንድ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ዶክተሩ እንዶዱን ወስደው መረመሩ። ቀንድ አውጣውን የገደለው እርሱ መሆኑን አረጋገጡ። በ1982 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በውጭ አገር ትልቅ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ። የዚህ ሁሉ መነሻ የወንዝ ዳር እጥበት ነው።

ከክፍል ውጭ

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ከክፍል ሲወጡስ?

የባህል ማዕከል አለ። ግጥም ይነበባል፤ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቴአትር ይታያል። በተማሪዎች ዘንድ ግጥም ማንበብ የቆየ ልማድ ነው። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን በኮሌጁ በዓል ላይ አንብቦ እስከ ዛሬ ይታወሳል።

ውይይትም አለ። አንድ ምሁር ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤና ወይም ስለ እርሻ ይናገራል። ከዚያ ተማሪው እጁን እያወጣ ይጠይቃል። የማይስማማም «አልስማማም» ይላል። በአክብሮት መከራከርን የምንማረው እዚያ ነው።

የስፖርት ሜዳ አለ። የተማሪ ክበባት አሉ። ክበብ ማለት አንድ ሐሳብ ያላቸው ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ማኅበር ነው። ደም የሚለገስበት ቀን አለ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ልጅ ማሳደጊያ ገንዘብ የተከለከለች እናት ብትመጣ ገንዘብ ሳትከፍል ምክር ታገኛለች።

በመኝታ ክፍልም ትምህርት አለ። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከሲዳማ ይመጣል። ማታ ቆሎ እየበሉ ያወራሉ። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱ በሌላው ቋንቋ ሰላምታ መስጠት ይችላል።

ያመለጠው ወረቀት

ይህ ሁሉ እንዴት ይታወቃል? በማስታወቂያ ነው። ዛሬ ማስታወቂያ በስልክም ይመጣል። በሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም አልቀረም።

ከመካከላችን አንዱ የገበሬ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ሰሞን አንገቱን ደፍቶ ከመኝታ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ ይመላለስ ነበር። ሰሌዳው ፊት ሰው ሲሰበሰብ «ይህ የከተማ ልጆች ጉዳይ ነው» እያለ ያልፋል። አንድ ቀን የክፍሉ ጓደኛ «ኮምፒውተር በነፃ ሊያስተምሩ ነው፤ ተመዘገብክ ወይ?» አለው። ሮጦ ሄደ። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። የምዝገባው ቀን ግን ትናንት አልቋል።

ወረቀቱ አሥር ቀን እዚያው ቆይቷል። እርሱም በየቀኑ በአጠገቡ አልፏል። ዕድሉ ያመለጠው ማንበብ ስለማይችል አይደለም። «ለእኔ አይደለም» ብሎ ስላላነበበ ነው። ያ ሰሌዳ ለሚያነብ በር ነው። ለማያነብ ግን ግድግዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሰሌዳውን ሳያይ አያልፍም። «ክረምቱን ገጠር ሄዶ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ፈቃደኛ ይመዝገብ» የሚለውን ወረቀት መጀመሪያ ያየው እርሱ ነው። ለእኛም የነገረን እርሱ ነው። እዚህ የመጣነው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

ተማሪ ወደ ገጠር መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥተው ያገለግሉ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመርም ብዙ ተማሪዎች ዘምተዋል። ከእናንተ መካከል በዚያን ጊዜ አስተማሪ ወደ መንደራቸው ሲመጣ ያዩ ሽማግሌዎች ይኖራሉ።

እውነቱን እንናገር

ሁሉ ነገር መልካም ነው አንልም። በየዝግጅቱ ሲሮጥ ትምህርቱን ጥሎ ፈተና የወደቀ ተማሪ እናውቃለን። ዝግጅት ትምህርትን ይደግፋል እንጂ አይተካም። ማታ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ተማሪም ያሰጋል። የወላጅ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሴቶቹ ተጠራርተው በአንድነት ይሄዳሉ፤ በአንድነትም ይመለሳሉ። አዲስ ገቢዋን እኅት የሚመክሩ ነባር ተማሪዎች አሉ። ልጅቷ ዓይን አፋር ሆና ብቻዋን እንዳትቀመጥ ከአሁኑ ምከሯት። «ጠይቂ፤ የተለጠፈውን አንብቢ» በሏት።

ይህን ሁሉ ለእናትየው ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙ። በመጨረሻ «ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ከልቤ የፈጠርኩት ይመስለዋል» አሉ።

«እኛ መጥተን እንንገራቸው?» አልናቸው።

«የለም» አሉ። «በጋዜጣችሁ ላይ ጻፉልኝ። ቃሉን አታርዝሙት። ማታ በኩራዝ እኔው ራሴ አነብለታለሁ።»

እኛም ቃሉን ሳናረዝም ጻፍን። አባትየው ምን እንደሚወስኑ ገና አልሰማንም። የሚወስኑት ግን በሚስታቸው አፍ የተነበበውን ሰምተው ነው።

የሳምንቱ ሥራ

ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ጤና ኬላ ስትሄዱ የተለጠፈ ወረቀት ፈልጉ። «ለእኔ አይደለም» ብላችሁ አትለፉ። ሦስት ነገር በደብተራችሁ ጻፉ። ጉዳዩ ምንድን ነው? ማንን ይመለከታል? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ሰኞ በክፍል እናነበዋለን።