ተነቃይ ወይስ ቋሚ? የተተኪ ጥርስ ዋጋ ከዲማ ሲሰላ

ዲማ ላይ ወርቅ የሚሸጥ ሰው ክብደቱንም ጥራቱንም ሳያረጋግጥ ዋጋ አይቆርጥም። ተተኪ ጥርስ ሲገዛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ክሊኒኩ በዕለቱ የጠራውን ዋጋ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ተነቃዩ ርካሽ፣ ቋሚው ውድ ይሆናል። መንገዱ፣ የዕቃው ዕድሜና ጎረቤት ጥርሶች ሲታሰቡ ግን ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል።

በጋምቤላ ክልል አኝዋ ዞን የምትገኘው ዲማ በባህላዊ ወርቅ ምርት የምትታወቅ ናት። በንግድ ወደዚያ የሚመላለሰው ሰው ጥርስ ለማስተከል ሲያስብ ጉዞው በአብዛኛው በሚዛን አማንና በቦንጋ አድርጎ ወደ ጅማ፣ አልያም ወደ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለዲማው ገዢ ርቀቱ ራሱ የዋጋው አንድ አካል ነው።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው ተነቃይ ጥርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም ከብረት ጋር ተዋህዶ ይሠራል፤ ባለቤቱ ራሱ እያወለቀ ያጥበዋል፣ ሌሊትም ያስቀምጠዋል። በአጭር ጊዜ ይደርሳል፣ ጤነኛ ጥርስ መሞረድን እምብዛም አይጠይቅም፣ ቢሰበርም ይጠገናል። ችግሩ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እየሟሸሸ መሄዱ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ለውጡ ፈጣን ነው። በመሆኑም ዛሬ ልክ የሆነው ጥርስ ነገ ይላላል፤ ድድ ያቆስላል፤ እንደገና ማስተካከል ይፈልጋል።

ሁለተኛው ድልድይ ወይም በተለምዶ ብሪጅ የሚባለው ነው። በባዶው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ተተኪው በእነሱ ላይ በሲሚንቶ ይጣበቃል። እንደ ራስ ጥርስ ያኝካል፣ አይወልቅም። ይሁንና የተሞረደ ጥርስ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ከድልድዩ ሥር ካልጸዳ ደግሞ ተሸካሚው ጥርስ በስውር ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜ አንድ ጥርስ ለመተካት የገባው ሰው ሦስት ጥርስ አጥቶ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው። ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይቀበርና አጥንቱ ከብረቱ ጋር ሲጣበቅ ጥርሱ በላዩ ይታሰራል። ዘዴው በስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው ላይ ተሠራ። ጎረቤት ጥርስ አይነካም፤ ግን አጥንቱ እስኪጣበቅ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መጠበቅን ይጠይቃል። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳር በሽታውን የማይቆጣጠር ሰው የመክሸፍ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ስሌቱ እንዴት ነው?

ለምሳሌ ያህል ተነቃዩ 10,000 ብር፣ ድልድዩ 40,000 ብር ተጠየቀ እንበል። ቁጥሮቹ ለሒሳብ ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ተነቃዩ 5 ዓመት፣ ድልድዩ 10 ዓመት ቢያገለግሉ የዓመት ወጪያቸው 2,000 እና 4,000 ብር ነው። እዚህ ላይ ተነቃዩ በግማሽ ይረክሳል።

አሁን መንገዱ ይጨመር። አንድ ደርሶ መልስ ከነማደሪያው 6,000 ብር ቢፈጅና ተነቃዩ ለመግጠምና ለማስተካከል 3 ጉዞ፣ ድልድዩ 2 ጉዞ ቢጠይቁ፣ የተነቃዩ ጠቅላላ ወጪ 28,000 ብር፣ የድልድዩ 52,000 ብር ይሆናል። ለዓመት ሲካፈል 5,600 እና 5,200 ብር ነው። ልዩነቱ ጠፍቷል፤ እንዲያውም ተገልብጧል። በሌላ በኩል ለሥራው በየወሩ አዲስ አበባ የሚገባ ነጋዴ የጉዞ ወጪውን ንግዱ ስለሚሸፍንለት ለእሱ የመጀመሪያው ስሌት ይሠራል።

ከዚህም ሌላ የምንዛሪ ጉዳይ አለ። ኢምፕላንትና ለጥርስ የሚውል ሴራሚክ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሕክምናው ወራት የሚፈጅ ከሆነ የኋለኛው ክፍያ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተቆረጠ ገዢው በመካከል አዲስ ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል።

ወርቁን ይዞ መሄድስ?

የወርቅ ጥርስ በአገራችን የቆየ የክብር ምልክት ነው። ከወንዝ የተገኘ ወርቅ ይዞ «ጥርስ ይሠራልኝ» ማለት ግን አያዋጣም። ንጹሕ ወርቅ ለማኘክ በጣም ለስላሳ ነው፤ ለጥርስ የሚውለው ከብር፣ ከመዳብና ከፓላዲየም ከመሳሰሉት ጋር በልክ የተቀላቀለ ነው። ያልተጣራ ወርቅ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይታወቅም። ወርቁን በሕጋዊ መንገድ ሸጦ በገንዘቡ ደረጃውን የጠበቀ ሥራ ማሠራት ይሻላል። በተበላ ጥርስ ላይ እንዲሁ የሚደፋ የወርቅ ሽፋን ደግሞ መበስበሱን ይሸፍናል እንጂ አያቆመውም።

የታችኛው የፊት ጥርስ በጋምቤላ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። በኑዌር ባህል የታችኛው የፊት ጥርሶች በልጅነት ይነቀሉ ነበር። አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ የሰፈሩ ኑዌሮችና ዲንካዎች እነዚህን ጥርሶች ለማስተካት ሐኪም ዘንድ መቅረባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ የጥርስ ሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ጥርሱ ከወለቀ ብዙ ዓመት ያለፈው ሰው አጥንቱ ቀጥኖ ሊሆን ስለሚችል ለኢምፕላንት አጥንት መሙላት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ድልድይ ከመረጠም ጤነኛ ክራንቻዎቹ ሊሞረዱ ይችላሉ። እንዲህ ላለው ሰው በተነቃይ ጀምሮ ቆይቶ መወሰን ኪሳራ የለውም።

ቀብድ ከመክፈል በፊት

ገዢው አምስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ጎረቤት ጥርሶች ጤነኛ ናቸው ወይስ ቀድሞውኑ የተሰበሩና የተሞሉ? ጤነኛ ከሆኑ እነሱን ሞርዶ ድልድይ መሥራት ውድ ነው፤ ከተጎዱ ግን ሽፋኑ ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል። ሁለተኛ፣ ስንት ጉዞ ያስፈልጋል? ሦስተኛ፣ የተነቃዩ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? አራተኛ፣ ኢምፕላንት ከሆነ የአምራቹ ስምና የዕቃው ቁጥር በጽሑፍ ይሰጥ። ከዓመታት በኋላ ብሎኑ ቢላላ የሚያስፈልገው የዚያው አምራች መለዋወጫ ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ገዢው መለዋወጫ እንደጠፋለት ጄኔሬተር ይቆማል። አምስተኛ፣ የራጅ ምስሉ ቅጂና ደረሰኙ በእጅ ይሁን።

ተነቃይ የመረጠ ሰው በፈላ ውኃ አያጥበው፤ ቅርጹ ይጣመማል። ተኝቶም አያድርበት፤ በተለይ ትንሹ ተነቃይ ሊዋጥ ይችላል። ድልድይ ያሠራ ደግሞ ባያመውም በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ሥሩ የተበላ ድልድይ ሕመም የሚያሰማው ብዙውን ጊዜ ከረፈደ ነውና፣ ከዲማ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ተሸካሚው ጥርስ ላይተርፍ ይችላል።