የማሽላ አገር፣ የጅራፍ ሕግ

ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላ ጎተራ ናት። የአገሩ ባህላዊ መጠጥ ማሪሳም የሚጠመቀው ከዚሁ ማሽላ ነው፦ እህሉ ብቅል ይሆናል፣ ይፈጫል፣ እስኪጠቁር ከተቆላ ሊጥ ጋር ተደባልቆ ይብላላል። ጠላ ጠማቂ ቤት ላደገ ሰው ጌሾው ከመቅረቱ በቀር እንግዳ ነገር የለውም።

በሱዳን የመጠጥ ክልከላውን ብዙ ሰው ከፕሬዚዳንት ኑሜሪ ይጀምረዋል፤ ሥሩ ግን ይርቃል። በ1880ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማህዲው ሙሐመድ አሕመድ መጠጥንም ትምባሆንም በጅራፍ ከለከለ። በ1889 መተማ ላይ ከማህዲው ተከታዮች፣ ከደርቡሾች፣ ጋር ሲዋጉ የወደቁት አፄ ዮሐንስም፣ የሚገርመው፣ ትምባሆ ላይ የከረረ እጅ ነበራቸው። እንግሊዞች በ1898 ማህዲያን ካሸነፉ በኋላ መጠጥ ቤቱ ተመለሰ፤ ሱዳን በ1956 ነጻ ከወጣች በኋላም ካርቱም የራሷን ቢራ ትጠምቅ ነበር።

መስከረም 1983 ኑሜሪ ሸሪዓን አወጁ፤ የካርቱም መጠጥም አባይ ውስጥ ተደፋ። ከልብ የመጣ ጽድቅ ነበር ለማለት ይከብዳል። የግራ አጋሮቻቸውን ካጡ ቆይተው ነበርና እስላማዊውን ወገን መያዝ ፈልገዋል። ሕጉን የተቃወሙት ሽማግሌ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ጥር 1985 ተሰቀሉ። በሦስተኛው ወር ኑሜሪ ራሳቸው ከሥልጣን ወረዱ፤ ክልከላው ግን አልተነሳም። በፕሬዚዳንት አልበሽር ዘመን የወጣው የ1991 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ለጠጣ ሙስሊም 40 ጅራፍ ደነገገ።

ዱላው ይበልጥ ያረፈው ከጠጪው ይልቅ ጠማቂዋ ላይ ነው። የኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ለዓመታት የሞላው ከደቡብና ከኑባ ተፈናቅለው በመጡ ጠማቂ ሴቶች ነበር። ወደ ምሥራቁ ሲመጣ ዕጣው ዐረቄ ለምታወጣው ሐበሻ ስደተኛም ደርሷል፤ እሳትና ጋን እንጂ ሌላ መነገጃ የላትማ። ወንዱስ ቢቸግረው ከድንበሩ ከተማ ከገላባት ድልድዩን ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል መተማ ዮሐንስ በግልጽ ቢራ ያዝዝ ነበር።

ሐምሌ 2020 ከአልበሽር በኋላ የመጣው የሽግግር መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑ መጠጣትንም መሸጥንም ፈቀደ፤ ከሙስሊም ጋር ሲጠጣ የተገኘ ግን ይቀጣል ተባለ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሐበሻውም ሱዳኑም አንድ ማሳ ላይ ውሎ ማታ አንድ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሕግ ሻጯ ከመቅዳቷ በፊት የእያንዳንዱን ሃይማኖት መጠየቅ ይኖርባታል።