የተጣራ ውሃ ቤት ከገባ በኋላ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ሲል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ የምሰጋው ግን ሽታው ሲጠፋ ነው። አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ለመንገዱ የሚሆነው ጥቂት ክሎሪን ይዞ ይጓዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀረው ይመክራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ቧንቧው ባዶውን ሲያድር ግፊቱ ይወርዳል፤ በተሰነጠቀው በኩል በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ክሎሪኑም እሱን ሲታገል ያልቃል።

ይህን ሸሽተን ባለ 20 ሊትር የተጣራ ውሃ እንገዛለን። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ፋብሪካዎች የታሸገ ውሃ ውስጥ ያለውን ጀርም የሚገድሉት ባብዛኛው በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ሁለቱም በደንብ ይገድላሉ፤ ነገር ግን ውሃው ውስጥ የሚቆይ ጠባቂ አይተዉም። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ የገባ ባክቴሪያ የሚከለክለው የለም።

መግቢያው ደግሞ ብዙ ነው። ዕቃውን ውሃ መቅጃው ዲስፔንሰር ላይ ስንገለብጥ አፉን በእጃችን እንነካለን። ውሃው በተቀዳ ቁጥር የክፍሉ አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ በምትኩ ይገባል። ባክቴሪያው ከዲስፔንሰሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ዕቃው ቢቀየርም ሽፋኑ እዚያው ስለሚቀር አዲሱን ውሃ ይበክላል። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ምግብ ስለሚበቃው የተጣራ ውሃም ይስማማዋል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳውም፤ ጨቅላ ሕፃንና የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ግን ሊታመምበት ይችላል። ኢ. ኮላይ ከተገኘ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ውሃውን ዓይነ ምድር ነክቶታል ማለት ስለሆነ፣ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ዲስፔንሰሩን አዘውትሮ በቀጠነ በረኪና ማጠብና ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ የዕቃውን አፍ ከመግጠም በፊት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። የዲስፔንሰሩ ሙቅ ቧንቧ መፋጀት ቀዝቃዛውን አያጸዳውም። ማፍላት አስተማማኝ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለሕፃን የዱቄት ወተት መበጥበጫም የታሸገ ነው ብለን ሳንተማመን አፍልተን እንጠቀም።