ገንዲን በዘረመሉ መለየት

ከአምቦ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ለቆ ወደ ጊቤ ወንዝ ሲቃረብ፣ የከብት አርቢው ወሬ ገንዲ ይሆናል። በሬው እየበላ ይከሳል፤ ጸጉሩ ይቆማል፤ ደሙ ይመነምናል፤ በመጨረሻም ቀንበር ይከብደዋል። ጥማድ ያጣ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብም ይጎድላል።

የበሽታው መንስኤ ትሪፓኖሶማ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ የደም ጥገኛ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ዙሉላንድ ከታመሙ ከብቶች ደም ውስጥ ካገኘው ወዲህ፣ ዝርያዎቹ ለረጅም ዘመን የተለዩት በማይክሮስኮፕ በሚታየው መልካቸው፣ መጠናቸውና እንቅስቃሴያቸው ነው። ዛሬም በመስክ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ከጆሮ ደም ሥር ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ባለሙያው ጥገኛውን በሕይወት ሲዋኝ ያየዋል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው።

ሆኖም የሚያመልጠው ብዙ ነው። በሽታው በቆየበት ከብት ደም ውስጥ ጥገኛው እጅግ ስለሚሳሳ፣ የታመመው በሬ ጤነኛ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በመልክ የማይለዩ ዝርያዎችም አሉ። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ብሩሲ፣ ግመልን የሚያጠቃው ኢቫንሲ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ ፈረሶች ላይ በስሪያ የሚተላለፈው ኢኪፐርደም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ከመልክ ወደ ዘረመል

በኮሮና ዘመን ስሙን የለመድነው ፒሲአር የጥገኛውን ዘረመል የተወሰነ ክፍል መርጦ ያባዛል። በተለመደ አንድ ምርመራ ይህ ክፍል ቪቫክስ በሚባለው ዝርያ ወደ 250፣ በብሩሲ ወደ 480፣ ኮንጎሌንስ በሚባለው ዝርያ የሳቫና ዓይነት ወደ 700 የዘረመል ፊደላት ይረዝማል። በርዝመት የማይለዩትን ደግሞ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ይለያቸዋል።

ዝርያውን ማወቅ የመከላከያውን መንገድ ይወስናል። ኮንጎሌንስ ቆላ ዝንብን ተከትሎ ይሄዳል፤ ወጥመድና በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ይገታዋል። ቪቫክስን ግን ሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚያዛምቱት ቆላ ዝንብ በሌለበት ደጋም ይገኛል። እዚያ የቆላ ዝንብ ወጥመድ መትከል ለከብቱ አይደርስለትም።

የትኛው ዘረመል እንደሚፈለግም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ግመሎች ላይ «ዓይነት ቢ» የሚባለውን ኢቫንሲ አገኘ። በሽታውን ለመለየት በስፋት የሚሠራበት ምርመራ የሚፈልገው ዘረመል በዚህ ዓይነት ላይ የለም። በዚያ ምርመራ ብቻ የታየ ግመል ታሞ እያለ ነጻ ይባላል ማለት ነው።

ጉዳዩ ከከብትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ የእንቅልፍ በሽታ ከአሥርት ዓመታት በኋላ በሰው ላይ ዳግም ታየ። መንስኤው ከብት ተሸክሞት ሊኖር የሚችለው ሮዴሲየንሴ የተባለው የብሩሲ ዘር ነው። በከብት ደም የተገኘ ብሩሲ ለሰው አደገኛ መሆኑን ኤስአርኤ የሚባለው አንድ ዘረመል ያሳያል።

መድኃኒቱ ሲለመድ

ከምዕራብ ሸዋ ወደ ታች ባለው የጊቤ ሸለቆ፣ ኮንጎሌንስ ዲሚናዚን፣ አይሶሜታሚዲየምና ሆሚዲየም የተባሉትን የገንዲ መድኃኒቶች መቋቋም መቻሉ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። መጠኑ ሳይሞላ በየጊዜው የሚወጋ መድኃኒት ይህን ያፋጥናል። ተመራማሪዎች በኋላ ጥገኛው ዲሚናዚንን መልመዱን በአንድ የዘረመል ምልክት ለማወቅ ሞክረው ነበር፤ የኋላ የቤተ ሙከራ ሥራዎች ግን የምልክቱን አስተማማኝነት ጥያቄ ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ የዘረመል ምርመራ የታከመውን በሬ ከመከታተል ጋር መሄድ አለበት።

ለዚህ ሥራ አካባቢው ባዶ እጁን አይደለም። ባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል በአምቦው መንገድ ላይ ነው፤ ሰበታ ደግሞ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ያለ በረዶ ከባኮ ሰበታ ሊደርስ ይችላል።

የሚቀረው ሥራውን ቋሚ ማድረግ ነው። ከተመረጡ ቀበሌዎች በየዓመቱ ናሙና ይወሰድ፤ የትኛው ዝርያ እንደተገኘና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለወረዳው ክሊኒክ በጽሑፍ ይመለስ። በጥናት መጽሔት ታትሞ የቀረ ውጤት የባኮን በሬ አያድንም፤ የእርሻ ወቅት ሳይገባ ለወረዳው ባለሙያ የደረሰ ውጤት ግን ሊያድነው ይችላል። ለዚህ የሚሆን በጀት መመደብ የክልሉና የፌዴራሉ መንግሥት ግዴታ ነው።