ስለ ዎክማን አሠራርና ስለ ካሴቱ ክር

ዎክማን ማለት በቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ወይም በኮት ኪስ የሚገባ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ነው። ወላጆቻችን በወጣትነታቸው ያውቁታል፤ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ግን በእጁ ይዞት የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ እስከ ዛሬ አምስት ሰብስቤአለሁ። «ሺህ ዘፈን የሚይዝ ስልክ እያለ በዚህ ምን ያደክምሃል?» የሚሉኝ ጓደኞች ስለ በዙ፣ ለእያንዳንዱ በየዕረፍቱ ከመመለስ ነገሩን በመጽሔታችን አንድ ጊዜ ላስረዳ ብዬ ተነሣሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካሴትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ይኸውም በ1963 በበርሊን የራዲዮ ትርኢት ላይ ነበር። ሥራውን የመራው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ይባላል። ይህ ሰው የመሣሪያውን መጠን የወሰነበት ዘዴ እጅግ ደስ ይለኛል፤ በኮቱ ኪስ የሚገባ እንጨት አስጠርቦ «ከዚህ አይበልጥም» አለ ይባላል። ኦተንስ በ2021 በ94 ዓመቱ አረፈ።

ዎክማን የመጣው ከካሴቱ 16 ዓመት በኋላ ነው። ከጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ማሳሩ ኢቡካ በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ሙዚቃ ለማዳመጥ ይፈልጉ ነበርና፣ መሐንዲሶቹ ለጋዜጠኞች ከተሠራ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ላይ መቅረጫውን ክፍል አውጥተው ለሁለት ጆሮ የሚያሰማ አደረጉት። መቅረጽ የማይችል ቴፕ ማን ይገዛል ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ፤ አኪዮ ሞሪታ ግን ወጣቶች ይገዙታል ብለው ጸኑ። በ1979 ጁላይ 1 ቀን በ33,000 የን ለገበያ ቀረበ። በመጀመሪያው ወር የተሸጠው 3,000 ያህል ብቻ ሲሆን፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ ግን የተዘጋጀው 30,000 ሁሉ አለቀ። ያ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ብርቱካንማው ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ሙዚቃው ዝቅ ይልና በማይክሮፎኑ አማካይነት እርስ በርስ መነጋገር ይቻል ነበር። በኋላ የመጡት ይህን ትተውታል፤ ያሳዝናል።

እንግዲህ ወደ ውስጡ እንግባ። የካሴቱ ክር ስፋቱ 4 ሚሊሜትር የማይሞላ ቀጭን ፕላስቲክ ሆኖ፣ በአንድ ፊቱ ማግኔት የሚሆን የብረት ዝገት ዱቄት ተቀብቶበታል። ቡናማ መልኩም ከዚሁ የመጣ ነው። ክሩ ሄድ በሚባለው ትንሽ ብረት ፊት ሲያልፍ፣ በዱቄቱ ላይ የተጻፈው ማግኔት በሄዱ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ይህም ጎልቶ በማዳመጫው ድምፅ ይሆናል።

ዋናው ችግር ግን ፍጥነቱ ነው። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት፤ ከዚህ ቢዘገይ የሴት ድምፅ የወንድ ይመስላል፣ ቢፈጥን ደግሞ ሁሉም እንደ ሕፃን ይጮኻል። (ሒሳብ የሚወድ ተማሪ አንድ የካሴት ፊት ለ30 ደቂቃ ምን ያህል ክር እንደሚፈልግ ያስላው፤ ከ85 ሜትር በላይ ያገኛል።) አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ክሩን የሚስበው የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማጠንጠኛው ክር በተጠመጠመበት ቍጥር እየወፈረ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ዙር የሚስበው ክር እየረዘመ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይልቅ በመጨረሻው ይፈጥን ነበር። ለዚህ የተገኘው ብልሃት ቀጭን የብረት ዘንግና ትንሽ የጎማ ጥቅል ነው። ሁለቱ ክሩን በመካከላቸው ጨብጠው በእኩል ፍጥነት ይስቡታል፤ ማጠንጠኛው የተረፈውን ብቻ ይሰበስባል። ዘንጉ የተተከለው በአንድ ከባድ መንኰራኵር ላይ ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ አንዴ ከዞረ በቶሎ እንደማይቆም ሁሉ መንኰራኵሩም የሞተሩን መንቀጥቀጥ ያስተካክላል። ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍቶ ይህን ሲዞር ማየት ይቻላል። በስልኬ ውስጥ ግን የሚታይ ነገር የለም።

የሞተሩን ኃይል ወደ መንኰራኵሩ የሚያደርሰው የጎማ ቺንጋ ነው፤ በእርጅና የሚሞተውም በአብዛኛው እሱ ነው። በ40 ዓመት ውስጥ ይላላል ወይም ቀልጦ እንደ ጥቁር ማስቲካ ይሆናል። ሶኒ በጃፓን የካሴት ዎክማን መሸጡን በ2010 ስላቆመ፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ከምገዛቸው አሮጌዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት አዲስ ቺንጋና በአልኮል የራሰ ጥጥ ብቻ ነው። «ቴፑ ካሴቱን በላው» ሲባል የምንሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ዘንጉ ክሩን እየገፋ ማጠንጠኛው መሰብሰቡን ካቆመ፣ ክሩ መሄጃ አጥቶ በጎማው ላይ ይጠመጠማል።

በአገራችን ካሴት ለዘፈን ብቻ አልዋለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ቀርቶ ዘፈን በካሴት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ዐረብ አገርና ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰዎች ለቤተ ሰባቸው በደብዳቤ ፈንታ ድምፃቸውን ቀርጸው ይልኩ ነበር። ማንበብ ለማይችል ዘመድ ከዚህ የተሻለ ደብዳቤ አልነበረም። እነዚህ ካሴቶች ዛሬም በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ማጫወቻው ስለ ተበላሸ ግን የሚሰማቸው የለም፤ ሲጸዳም አብረው ይጣላሉ። ወላጆች እባክዎ አይጣሉ። ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ይጠንጠን፤ ማጫወቻውም በማያሳዝን ካሴት ይፈተን። ከዚያ ከማዳመጫው ቀዳዳ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር አያይዞ መገልበጥ ነው።

አያቴ ወንድማቸው ከካርቱም የላኩላቸው ሦስት ካሴቶች አሏቸው። ወንድማቸው አሁን በሕይወት የሉም። ሁለቱን ባለፈው ክረምት ገልብጫለሁ፤ በአንደኛው ላይ የአያቴን ስም እየደጋገሙ ሲጠሩ ይሰማል። ሦስተኛው በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ አለበት፤ ሳይጠረግ ቢጫወት ሻጋታው ወደ ሄዱ ስለሚተላለፍና ክሩም ሊጣበቅ ስለሚችል ገና አልነካሁትም። አያቴ ግን በየሳምንቱ «እሱስ መቼ ነው?» ይሉኛል።